ባዶ ቦታን የሣለው ኮልስ ፊሊፕስ፦ የዲዛይን ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው አነስተኛ የዲዛይንና የኅትመት ሱቄ፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም የዲዛይን ተማሪዎች በየዓመቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። መምህራቸው በባዶ ቦታ አጠቃቀሙ የታወቀ አንድ ሠዓሊ መርጠው እንዲያጠኑ ያዛቸዋል፤ እነርሱም ስም ፍለጋ ይጀምራሉ። እኔ ብዙ ጊዜ የምጠቁማቸው አሜሪካዊውን የመጽሔት ሠዓሊ ኮልስ ፊሊፕስን ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው እርሱን የሚመለከቱ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

«ባዶ ቦታ» ስንል በትክክል ምን ማለታችን ነው?

በአንድ ሥዕል ውስጥ ዓይናችን እንደ ዋና ነገር የሚይዘው አካል አለ፤ በዙሪያውና በመካከሉ የሚቀረው ደግሞ መደብ ነው። ዲዛይነሮች ኔጌቲቭ ስፔስ የሚሉት ይህንኑ መደብ ሲሆን፣ እኔ ባዶ ቦታ እለዋለሁ። ስሙ ግን ያሳስታል። ባዶ ቦታ የተረፈ ቦታ አይደለም፤ ሠዓሊው ቀለም ላለማሳረፍ አስቦ የወሰነበት፣ ስለዚህም እንደ ቀለሙ ሁሉ የራሱ ቅርጽ ያለው ቦታ ነው።

ብዙ ተማሪዎች ነገሩን ከሰምና ወርቅ ጋር ያመሳስሉታል። ማመሳሰሉ ያስኬዳል፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሰሙንና ወርቁን ትቶ ኅብረ ቃሉን መፈለግ ነው። በቅኔ ሰሙም ወርቁም በአንድ ቃል ላይ እንደሚያድሩ ሁሉ፣ በአንዳንድ የባዶ ቦታ ሥዕሎችም ሁለት ቅርጾች በአንድ መስመር ላይ ያድራሉ፤ መስመሩ በቀኝ በኩል የዚህኛው፣ በግራ በኩል የዚያኛው ጠርዝ ነው። የዋድላ ቅኔ በሚነገርበት አገር ላደገ ተማሪ ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደክምም፤ «ኅብረ ቃሉ የቱ ጋ ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ እርሱም ጣቱን መስመሩ ላይ ያሳርፋል።

ኮልስ ፊሊፕስ ማን ነበር?

በ1880 በኦሃዮ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ተወለደ። ኬንየን ኮሌጅ ገብቶ ለኮሌጁ የዓመት መጽሔት ሥዕል ይሠራ ነበር፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ ግን ወደ ኒውዮርክ ሄደ። በሥዕል ትምህርት ቤት ያሳለፈው ጊዜ ጥቂት ወራት የማታ ትምህርት ብቻ ነው። አነስተኛ የማስታወቂያ ድርጅትም ከፍቶ ነበር፤ በኋላ ስመ ጥር የሆነው ሠዓሊ ኤድዋርድ ሆፐር በዚያ ድርጅት ለአጭር ጊዜ ሠርቷል። ፊሊፕስ በ1907 ወደ ላይፍ መጽሔት ገባ፤ በግንቦት 1908 የታተመው የሽፋን ሥዕሉ ዝነኛ አደረገው። ከዚያ በኋላ ለጉድ ሃውስኪፒንግ መጽሔት ሽፋኖችን፣ ለሴቶች ካልሲና ለብር ቅብ ማንኪያና ሹካ አምራቾች ደግሞ ማስታወቂያዎችን ሲሠራ ቆይቶ፣ በኩላሊት ሕመም ምክንያት በ1927 በ46 ዓመቱ አረፈ። ሙሉ የሥራ ዘመኑ ከ20 ዓመት ብዙም አይበልጥም።

ሌሎች የታወቁ ሠዓሊዎች እያሉ ለምን እርሱን እንምረጥ?

ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሕይወት ያሉትን ሠዓሊዎች ሁሉም ሰው ይመርጣቸዋል፤ መምህሩም ያንኑ ጽሑፍ በየዓመቱ ያነባል። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት የፊሊፕስ ዘዴ የወጣው ከማተሚያ ቤት ችግር ጭምር መሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ከተማ ውስጥ የሚሠራ ተማሪ ይህን ሠዓሊ ከማንም በላይ ሊረዳው ይችላል ብዬ አምናለሁ።

«እየከሰመች የምትሄደው ልጅ» ማን ናት?

ፌድአዌይ ገርል እየተባለች የምትጠራው ይህች ልጅ አንዲት የተወሰነች ሴት አይደለችም፤ የአሣሣል ዘዴው መጠሪያ ናት። ፊሊፕስ ሴቲቱን ሰማያዊ ቀሚስ ካለበሳት መደቡንም በዚያው ሰማያዊ ይሞላዋል፤ በቀሚሱና በመደቡ መካከልም መስመር አያሰምርም። ለተመልካቹ የሚቀርለት ፊቷ፣ ፀጉሯ፣ እጆቿና ጫማዋ፣ ምናልባትም በቀሚሱ ላይ የተበተነው ነጠብጣብ ወይም የጥለቱ ጠርዝ ብቻ ነው። ትከሻዋ የት እንደሚያበቃ፣ ቀሚሷ የት ጋ እንደሚታጠፍ የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። እኛ ግን ሙሉ ሴት እናያለን።

ይህ ለደሴ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በክረምት ማለዳ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው፣ ነጭ ጋቢ የተከናነቡ አንድ አዛውንት ከሩቅ ሲመጡ ያስቧቸው። መጀመሪያ የሚታየው ጥቁር ጃንጥላቸው ነው፤ ቀጥሎ ፊታቸው፣ ከዚያ ምርኩዙን የጨበጠው እጃቸው፣ ከታች ደግሞ ጭቃ የነካው ቦት ጫማቸው ይመጣል። ጋቢው አይታይም፤ ጉሙና ጋቢው አንድ ቀለም ሆነዋል። ይሁን እንጂ ማንም ሰው «ጃንጥላና እጅ እየመጡ ነው» አይልም፤ «አባባ መጡ» ነው የሚለው። በጃንጥላውና በጫማው መካከል ያለው ርቀት፣ የእጁ ከፍታና የፊቱ አቅጣጫ ተደማምረው የጋቢውን ቅርጽ ይነግሩናል። ጃንጥላው አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎን ቢዛባ ግን የምናየው ጉም ውስጥ የተንጠለጠለ ጃንጥላ ይሆናል። የፊሊፕስ ጥበብም ያለው በዚህ ልክ ላይ ነው፤ የሚታዩት ጥቂት ነገሮች እያንዳንዳቸው በትክክለኛ ቦታቸው ካልተቀመጡ ቀሚሱ አይፈጠርም።

ይህን ዘዴ የተጠቀመው ለውበት ነው ወይስ ወጪ ለመቆጠብ?

ለሁለቱም ነው፤ ተማሪዎች ግን አንዱን ብቻ ጽፈው ሌላውን ይተዉታል። በዚያ ዘመን ለመጽሔት ሽፋን እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀለም ተጨማሪ የማተሚያ ሰሌዳና ተጨማሪ የማሽን ሥራ ይጠይቅ ነበር። በሁለትና በሦስት ቀለም ብቻ ታትሞ ከመጽሔት መሸጫው ላይ ዓይን የሚስብ ሽፋን ለአሳታሚው ትልቅ ጥቅም ነበረው። ነገር ግን ወጪ መቆጠብ ብቻውን ፊሊፕስን አይፈጥርም፤ ርካሽ ሽፋን የሠሩ ሠዓሊዎች በብዛት ነበሩ። እርሱ ያደረገው ያልተከፈለበትን ቀለም የሥዕሉ ዋና ክፍል ማድረግ ነው። እኔ ተማሪ ብሆን ጥናቴን የምገነባው በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ነበር።

ዓይናችን የሌለውን መስመር እንዴት ያያል?

አእምሯችን የተቆራረጡ ፍንጮችን አያይዞ ሙሉ ቅርጽ የማድረግ ዝንባሌ አለው። ይህን በሥርዓት ያጠኑት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን የተነሡት የጌሽታልት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ናቸው፤ ከእነርሱም ማክስ ቨርትሃይመር፣ ቮልፍጋንግ ኮህለርና ኩርት ኮፍካ ይጠቀሳሉ። የዴንማርኩ ኤድጋር ሩቢን በ1915 ባሳተመው ጥናት፣ አንዴ የአበባ ማስቀመጫ፣ አንዴ ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሰዎች የሚመስለውን ሥዕል አስተዋወቀ። ጣሊያናዊው ጋኤታኖ ካኒዛ ደግሞ በ1955፣ ጎናቸው የተቆረጠ ሦስት ጥቁር ክቦችን በመጠቀም ያልተሣለ ነጭ ሦስት ማዕዘን እንደሚታየን አሳየ።

ዓመቶቹን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። የፊሊፕስ ሽፋን የወጣው ከሩቢን ጥናት ሰባት ዓመት ቀድሞ ነው። ስለዚህ «ፊሊፕስ የጌሽታልትን ንድፈ ሐሳብ ተግባራዊ አደረገ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ይህን ዓረፍተ ነገር ግን በመጡልኝ ረቂቆች ውስጥ ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ። ንድፈ ሐሳቡ የፊሊፕስን ሥራ ለማብራራት ይጠቅማል፤ የሥራው ምንጭ ግን አይደለም።

ጀበናና ሁለት ፊት ያለበት አርማ ነድፌአለሁ። ከፊሊፕስ ጋር ላነጻጽረው?

እባክዎ አያነጻጽሩት። በመጀመሪያ ደረጃ፣ በጀበና አንገትና ሆድ ግራና ቀኝ የሚተያዩ ሁለት ሰዎችን ማስቀመጥ ሱቄ ድረስ የመጣ ተማሪ ሁሉ የሚያስበው ነገር ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ዘዴው ራሱ ይለያል። በሩቢን ሥዕል፣ በጀበናውም ጭምር፣ አንድ ጥርት ያለ ጠርዝ ሁለት ባለቤት አለው፤ ዓይን አንዴ ለዚህ፣ አንዴ ለዚያ ይሰጠዋል፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ግን ያቅተዋል። በፊሊፕስ ሥዕል ደግሞ ጠርዙ ራሱ የለም። የመጀመሪያው የተጋራ ጠርዝ ነው፤ ሁለተኛው የጠፋ ጠርዝ። ቀደም ብዬ ስለ ኅብረ ቃል ያልኩትም ለመጀመሪያው እንጂ ለሁለተኛው አይሠራም። ይህን ልዩነት በግልጽ ያስቀመጠ ጥናት በእኔ ግምት ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ማነጻጸር ግዴታ ከሆነ ታዲያ ከማን ጋር?

ከጃፓናዊው ሺጌዎ ፉኩዳ ጋር። ፉኩዳ በ1932 በቶኪዮ ተወልዶ በ2009 ያረፈ ሲሆን፣ ቤተሰቡ አሻንጉሊት ሠሪ ነበር፤ የጨዋታ መንፈሱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በ1975 ለአንድ ትልቅ የገበያ መደብር የሠራው ፖስተር ላይ፣ በጥቁር የተሣሉት የወንድ እግሮች መካከል የቀረው ነጭ ቦታ ራሱ የሴት እግሮች ይሆናል። በዚያው ዓመት የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ፍጻሜ 30ኛ ዓመት ለማስታወስ የሠራው ሌላው ፖስተሩ ደግሞ፣ የመድፍ ጥይት ወደ ተተኮሰበት አፈ ሙዝ ሲመለስ ያሳያል፤ ከመድፉና ከጥይቱ ሌላ በመደቡ ላይ ቢጫ ቀለም ብቻ ነው ያለው። በዚህ በሁለተኛው ባዶው ቦታ ምንም ቅርጽ አልሆነም፤ ሥራው ዝም ማለት ነው። ስለዚህ ባዶ ቦታ ሲባል ሁልጊዜ የተደበቀ ሥዕል አለ ማለት እንዳልሆነ ለማሳየት ይህን ፖስተር እመርጣለሁ።

በሕይወት ካሉት መካከል በ1973 የተወለደውን፣ በኢየሩሳሌም ተምሮ ኑሮውን ለንደን ያደረገውን ኖማ ባርን መጥቀስ ይቻላል። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ መጠለያ ውስጥ ሆኖ ጋዜጣ ላይ የጨረር አደጋ ምልክትን ሲያይ የሳዳም ሁሴን ፊት እንደታየው ተናግሯል። ምልክቱ የሳዳምን ዓይንና ጢም ሆኖ የቀረበበት ሥዕሉ በተጋራ ቅርጽ የመሥራት ግሩም ምሳሌ ነው።

ከአገራችን ጥበብ ጋር ማገናኘት ይቻላል?

ይቻላል፤ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ተማሪዎች ላሊበላን መጥቀስ ይወዳሉ። በቤተ ማርያም መስኮቶች ላይ መስቀሉ የተገኘው ድንጋዩ ተፈልፍሎ በመውጣቱ ነው፤ መስቀሉን የምናየው ክፍቱ በጨለማና በብርሃን ከድንጋዩ ሲለይ ነው። በነሐስ የተሠሩትን የእጅና የመጾር መስቀሎች ብንመለከትም፣ ከብረቱ መካከል የተቆረጡት ክፍተቶች ራሳቸው ትንንሽ መስቀሎች ሆነው እናገኛቸዋለን። ይህ እውነተኛ የባዶ ቦታ አጠቃቀም ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ አለት በመፈልፈሉ ብቻ ሕንጻውን በሙሉ «ባዶ ቦታ» ማለት አይቻልም፤ ቀንሶ መሥራት አንድ ነገር ነው፣ የቀነሱት ቦታ ቅርጽ ሆኖ እንዲነበብ ማድረግ ሌላ ነው። በፊሊፕስና በላሊበላ መካከል የውርስ ግንኙነት እንዳለ አድርጎ መጻፍ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም።

እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ፊደላችን ነው። የ«በ» ሁለት እግሮች መካከል ያለው ባዶ በር ነው፤ የ«ዐ» ውስጡ ቀለበት ነው፤ በ«መ» ውስጥ ሁለት ዓይን አለ። አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ «ቤት» የሚለውን ቃል በወፍራም ፊደል ጽፋ፣ በ«ቤ» እግሮች መካከል ካለው ነጭ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ አስቀመጠች። ነጥቡ የበር እጄታ ሆነ፣ ፊደሉም ቤት ሆነ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ዘዴውን በእጄ ልሞክረው ብፈልግ ከየት ልጀምር?

ሙሉውን ሰው በእርሳስ ይሣሉ፤ ቀሚሱን፣ እጥፋቱን፣ ትከሻውን፣ አንዱንም ሳይተዉ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚጠፋውን ክፍል ከመጀመሪያው አይሥለውም፣ ስለዚህ እጅና ፊት ከማይታይ አካል ጋር አይገጥሙለትም። ፊሊፕስ ከሕያው ሞዴል ፊት ተቀምጦ ነበር የሚሠራው፤ ባለቤቱም በሞዴልነት ተቀምጣለታለች። ሙሉው ሥዕል ካለቀ በኋላ ስስ ወረቀት ከላዩ አስቀምጠው የማይቀሩትን ነገሮች ብቻ ይገልብጡ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየቀነሱ ሥዕሉን ለማያውቅ ሰው ያሳዩ። ያ ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» እስኪል ድረስ ይቀንሱ፤ ሲል ደግሞ በመጨረሻ ያነሱትን ይመልሱ። ጎረቤቴ ያለው የጫማ ጠጋኝ የእኔን ሥራዎች የሚፈትንልኝ በዚህ መንገድ ነው፤ እስካሁን ከእርሱ የተሻለ ሐያሲ አላገኘሁም።

ደንበኞች ባዶ ቦታ አይወዱም ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ምክንያታቸውም ሞኝነት አይደለም። ባነር የሚታተመው በካሬ ሜትር ሒሳብ ስለሆነ፣ ደንበኛው ባዶውንም ቦታ እንደ ሞላው ቦታ እኩል ይከፍልበታል። «እዚህ ጋ ቦታ ተርፏል፣ ስልክ ቁጥሩን ድገምበት» ሲለኝ የከፈለበትን መጠየቁ ነው። ቀለም በተወጠረ ፍሬም በኩል ጨርቅ ላይ በሚታተምበት በስክሪን ፕሪንት ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ይወጠራል፣ እያንዳንዱም ለብቻው ይታተማል፤ ስለዚህ የጨርቁን ቀለም እንደ አንድ ቀለም መጠቀም ቀጥተኛ ቁጠባ ነው። ለጨርቃ ጨርቅ ሥራ ቅርብ የሆነ የኮምቦልቻ ተማሪ በዚህ በኩል ከእኛ ከባነር ሠሪዎች የተሻለ ዕድል አለው።

አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለአንድ የሩጫ ዝግጅት ነጭ ካናቴራ ላይ በአንድ ጥቁር ቀለም ብቻ ነጠላ የለበሰች እናት ነደፍኩ፤ ፊቷም ነጠላዋም ካናቴራው ራሱ ነበር። አዘጋጆቹ ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል ብለው ካናቴራውን ሳይነግሩኝ ወደ አረንጓዴ ቀየሩት። ጠዋት ሥራውን ለማየት ስሄድ አረንጓዴ ፊት ያላቸው እናቶች በገመድ ላይ በረድፍ ተሰጥተው ጠበቁኝ። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ መደቡ የሥዕሉ አካል መሆኑን በትእዛዙ ወረቀት ላይ አልጻፍኩም። አሁን የጨርቁን ቀለም ከቀለሞቹ ዝርዝር ውስጥ አንደኛ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ስለ ፊሊፕስ ደካማ ጎን መጻፍ ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል ብቻ ሳይሆን ይገባል። ሴቶቹ ሁሉ ቀጭን፣ ወጣትና ባለጸጋ ነጮች ናቸው፤ ብዙዎቹ ካልሲ ወይም የብር ማንኪያ ለመሸጥ የተቀመጡ ናቸው። አካሏ ከመደቡ ጋር የሚዋሐድ ሴት ቆንጆ ጌጥ እንጂ ሰው አልሆነችም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። እኔ በሙሉ አልስማማበትም፤ አንዳንዶቹ ሴቶች በግልጽ በተመልካቹ ላይ እየቀለዱ ነው። ሆኖም ክርክሩን ሥዕል በሥዕል እያዩ መመርመር ይገባል።

ሥዕሎቹን ከየት ላግኝ? በጥናቴ ውስጥ ለማተምስ ፈቃድ ያስፈልጋል?

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽና ዊኪሚዲያ ኮመንስ የዚያን ዘመን የመጽሔት ሽፋኖች በጥሩ ጥራት ያስቀምጣሉ። ሲፈልጉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ፊሊፕስ የሠራበት ላይፍ ከ1883 ጀምሮ ይታተም የነበረው የቀልድ መጽሔት ነው። በፎቶግራፎቹ የታወቀው ላይፍ ስሙን ገዝቶ የተጀመረው በ1936፣ ፊሊፕስ ከሞተ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱን ያምታታ ጥናት ገና በመጀመሪያው ገጽ እምነት ያጣል።

ፈቃድ አያስፈልግም። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የሠዓሊ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ ፊሊፕስ ከሞተ ግን ከ90 ዓመት በላይ አልፏል። የሠዓሊውን ስም መጻፍ ግን አይቀርም። የኖማ ባርን ሥራ ካናቴራ ላይ አትሞ መሸጥ በአንጻሩ አይቻልም።

ጥናቱን በጥቁርና ነጭ ባሳትመው ሥዕሎቹ ይበላሻሉ?

የፊሊፕስ ሥዕል በራሱ አይበላሽም፤ ቀሚሱና መደቡ አንድ ሰማያዊ ከነበሩ አንድ ግራጫ ይሆናሉ። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ቀይና አረንጓዴ በቀለም እጅግ ቢለያዩም ጥቁረታቸው ተቀራራቢ ሊሆን ስለሚችል፣ በፎቶ ኮፒ ላይ ሠዓሊው ያላሰበው ጠርዝ ሊጠፋ ይችላል፤ አንባቢውም የማተሚያውን ጉድለት የፊሊፕስ ዘዴ አድርጎ ይወስደዋል። ከማሳተምዎ በፊት ሥዕሉን በስልክዎ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው ይዩት። ያልታሰበ ጠርዝ ከጠፋ ያንን አንድ ገጽ ብቻ በቀለም ያሳትሙ፤ የቀረው በጥቁርና ነጭ ቢወጣ ችግር የለውም።